የቀንድ አውጣ ዝልግልግ ለቆዳችን የሚሰጠው እውነተኛ ጥቅም

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የምናገረው ስለ ስኔል ሙሲን፣ ማለትም ከቀንድ አውጣ ስለሚገኘውና በኮሪያ የቆዳ መንከባከቢያዎች በኩል ዓለምን ስላዳረሰው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ቆዳዬ በቀላሉ የሚደርቅና የሚቆጣ በመሆኑ ጉዳዩ በግሌ ይመለከተኛል።

ቀንድ አውጣ ለስላሳ ገላውን በሻካራ መሬት ላይ እየጎተተ ሳይቆስልና ሳይደርቅ የሚኖረው በዚህ ፈሳሽ ምክንያት ነው። ጣት ላይ ሲሳብ እንደ ተነከረ ተልባ የሚረዝመው ይህ ፈሳሽ አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ሲሆን፣ ውሃውን አቅፈው የሚይዙ ግላይኮፕሮቲኖች (ስኳር የተያያዘባቸው ፕሮቲኖች) እና የተቆጣ ቆዳን የሚያረጋጋው አላንቶይን ይገኙበታል። ስለዚህ የመጀመሪያውና አስተማማኙ ጥቅሙ እርጥበት መስጠቱ ነው።

ወደ መዋቢያ የገባበት መንገድም ደስ ይለኛል። በቺሊ ለፈረንሳይ ገበያ ቀንድ አውጣ ያረቡ የነበሩ ሰዎች፣ ከእንስሳቱ ጋር ሲውሉ የእጃቸው ቆዳ እየለሰለሰ መምጣቱን አስተውለው ክሬም ወደ መሥራት ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ ፊታቸው በፀሐይ የተጎዳ 25 ሰዎችን ይዞ፣ በአንደኛው የፊታቸው ጎን ከቀንድ አውጣ የተጣራውን ፈሳሽ የያዘ ቅባት፣ በሌላኛው ጎን ፈሳሹ የሌለበትን ለ12 ሳምንታት እንዲቀቡ ካደረገ በኋላ፣ ፈሳሹን ባገኘው ጎን በዓይን ዙሪያ ያሉት መስመሮች መሻሻላቸውን መዝግቧል። 25 ሰው ጥቂት ነው፤ ውጤቱም ለሁሉም ምርት ዋስትና አይሆንም፤ ቢሆንም ተስፋ የሚሰጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አጥብቄ የምናገረው ግን ይህን ነው፦ ይህ ፈሳሽ ቆዳን ለማቅላት የተሠራ አይደለም፣ እንዲያቀላም መፈለግ የለብንም። ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ማቅሊያ ክሬሞች በእህቶቻችን ፊት ላይ ያደረሱትን ጉዳት ሳስብ፣ የጠይም ቆዳን ውበት ሳይነካ ልስላሴውን ብቻ የሚጠብቅ ነገር በመኖሩ ከልቤ ደስ ይለኛል። ብጉር ትቶት የሚሄደው ጥቁር ምልክት እንዳይብስ ከፈለጋችሁ፣ በየጠዋቱ የፀሐይ መከላከያ መቀባትን የሚተካ ሙሲን የለም።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር፣ ታጥቦ ገና እርጥብ በሆነ ፊት ላይ ፈሳሹን ቀብቶ ወዲያው ክሬም መደረብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የያዘው ውሃ ተንኖ ይሄዳል። በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች አለርጂ ያለበት ሰው ለቀንድ አውጣም አለርጂ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል። ሌሎቻችሁም ፊታችሁን ከመቀባታችሁ በፊት በክንዳችሁ የውስጥ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብታችሁ ለተወሰኑ ቀናት ተከታተሉት፤ ማሳከክ ወይም መቅላት ካያችሁ ተዉት።