ሁሁይ፦ ደጋና ቆላ የሚገበያዩባት ምድር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ሆኜ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ ሁሁይ ነው። ሁሁይ በአርጀንቲና ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ከቦሊቪያና ከቺሊ ጋር የምትዋሰን ክፍለ ሀገር ናት። ወደዚያ የሚጓዘው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ባለብዙ ቀለም ተራሮቿን ፎቶ ለማንሳት ነው። እኔን የማረከኝ ግን የምድሩ መልክ መለያየት ለነዋሪው ጌጥ ሳይሆን እንጀራው መሆኑ ነው።

ከዋና ከተማዋ በስተምሥራቅ ጉም የማይለየው የዩንጋስ ደን አለ። ወደ ሰሜን ሲኬድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውና ዩኔስኮ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የኡማዋካ ሸለቆ ይከፈታል። በስተምዕራብ ደግሞ ዛፍ የማይበቅልበት፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ የሚመታው ፑና የተባለ ከፍተኛ ሜዳ ተዘርግቷል። ከፑርማማርካ መንደር ተነስቶ ወደ ፑና የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ እስከ 4,170 ሜትር ከፍታ ይደርሳል፤ እዚያ ላይ መኪና አቁሞ የወረደ መንገደኛ ጥቂት እርምጃ ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል። የአገሬው ሰው በዚህ ጊዜ የኮካ ቅጠል በጉንጩ ይዞ ቀስ እያለ ይመጥጣል፤ ለእንግዳውም ይኸንኑ ይመክራል።

ኮያ የሚባለው ሕዝብና ከእርሱ በፊት በሸለቆው የኖሩት ኦማዋካዎች በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ የሚገኝ ሀብት እንደማያኖራቸው ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ስለዚህ የፑናው ሰው ጨው፣ ላማ የተባለው የጭነት እንስሳ ሱፍና ቋንጣ ጭኖ ይወርዳል፤ ከሸለቆው በቆሎ፣ ከደኑ ኮካ ይዞ ይመለሳል። በላማ፣ ኋላም በአህያ የተጓዘው ይህ ሲራራ ንግድ ከፔሩ የተነሡት ኢንካዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ሲሆን፣ ከስፔኖች ወረራ በኋላም ለዘመናት ቀጥሏል። በቲልካራ ከተማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ያለው የድንጋይ ምሽግ፣ ፑካራ የሚሉት፣ ሸለቆውን ከላይም ከታችም እያየ የተቆረቆረው ያለምክንያት አይደለም። የሚያልፈውን ሁሉ ከዚያ ማየት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ልቤ የቀረው ግን ሳሊናስ ግራንዴስ በተባለው የጨው ሜዳ ነው። 3,450 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለው ይህ ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው። ሠራተኞቹ ጨዉን በአራት ማዕዘን ቆርጠው ጉድጓድ ያወጣሉ፤ ከሥር የሚመነጨው ጨዋማ ውኃ ይሞላውና ፀሐይ ስታተንነው አዲስ ጨው ይጋገራል። ውኃው አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የጉድጓዱ ጠርዝም በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ሰዎቹ ነጸብራቁ እንዳያቃጥላቸው ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተሸፋፍነው ይሠራሉ። ቀድሞ በመጥረቢያ ጠርበው በእንስሳ ይጭኑት የነበረውን ጨው ሲነግሩኝ፣ ከአፋር በግመል ይወጣ የነበረውን አሞሌ አስታወስሁ።

በዚሁ ጨው ሥር አሁን ዓለም ለባትሪ የሚፈልገው ሊቲየም አለ። ሊቲየሙን ለማውጣት ጨዋማው ውኃ በብዛት እየተቀዳ በሰፋፊ ኩሬዎች እንዲተን ይደረጋል። ዝናብ በማይበዛበት አገር የሚኖሩ እረኞችም ምንጫችን ይነጥፋል ብለው ይሰጋሉ። በሳሊናስ ግራንዴስና በጓያታዮክ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ማኅበረሰቦች በፈረንጆቹ 2015 ካቺ ዩፒ የተባለ ሰነድ አውጥተው፣ በምድራቸው ላይ ከመወሰኑ በፊት እንዴት ሊጠየቁ እንደሚገባ በዝርዝር ጽፈዋል። በሰነዱ ውስጥ ጨው እንደ አዝመራ የሚዘራበት፣ የሚያድግበትና የሚታጨድበት ጊዜ አለው። እኔ ይህን እንደ ውብ አባባል ብቻ አላየውም፤ ጉድጓዶቹን አይቻለሁና ሥራው በእርግጥ እንዲሁ ነው።

በፈረንጆቹ 1946 ከሁሁይና ከጎረቤቷ ክፍለ ሀገር ከሳልታ የተነሡ ኮያዎች ርስታቸው እንዲመለስላቸው ለመጠየቅ እስከ ቦነስ አይረስ በእግር ተጉዘው፣ በመጨረሻ በግድ በባቡር ተጭነው ተመልሰዋል። በፈረንጆቹ 2023 ክፍለ ሀገሩ ሕገ መንግሥቱን ሳያማክረን አሻሻለ ያሉ ማኅበረሰቦች መንገድ ዘግተው ከተቃወሙ በኋላ፣ በዚያው ጉዞ ስም እንደገና ወደ ቦነስ አይረስ ዘመቱ። የደረሱትም በነሐሴ ወር የመጀመሪያ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ምድር እናታቸው ፓቻማማ በምትከበርበት ዕለት ነበር። በዚያ ቀን በየቤቱ ደጅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ምግብ፣ የበቆሎ ጠላና የኮካ ቅጠል ለመሬቷ ይሰጣል፤ ታላላቆች ከቀመሱ በኋላ እንግዳም ቢሆን ተራው ይደርሰዋል።

መሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ክረምታቸው ስለሆነ የጨው ሜዳው ውኃ ሊተኛበት ይችላል። ወደ ጨው ሜዳው ስትገቡ ከማኅበረሰቡ አስጎብኚ ያዙ፤ ክፍያው በቀጥታ ለእነርሱ ይደርሳል፣ ስለ ውኃውም ከእነርሱ የተሻለ የሚያስረዳችሁ የለም። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ደህና ሰንብቱ።