ልጁ ስልኩ ውስጥ ምን ፈልጎ ገባ?

እንደምን አረፈዳችሁ እናቶች፣ አባቶች። ቅዳሜ ጠዋት ስንት ስራ እያላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ግን ዛሬ ማወራችሁ እንደ እናት ነው።

ልጄ 15 አመቱ እያለ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ብርድ ልብሱ ውስጥ ብርሃን አየሁ፣ ገለጥ ሳደርገው ጌም ላይ ነው። ስልኩን ነጠቅኩትና ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ። ውጤቱ ይስተካከላል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ ልጁ ዝም አለ፣ እራቱን ይዞ ክፍሉ መግባት ጀመረ፣ በኋላ ስሰማ ደሞ በጓደኛው ስልክ እየተጫወተ ነበር። አንድ እሁድ ቡና እየጠጣን ምን ሆነህ ነው እንዲህ ምትሆነው አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ "እዛ ሳሸንፍ ስሜን ይጠሩኛል፣ እዚህ ስሜ ሚጠራው ሳጠፋ ነው" አለኝ። ይሄን ሲለኝ እኔ ራሴ በአንድ እጄ ስኒ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ ነበር። አቦሉ ቀዝቅዟል፣ አልጠጣሁትም።

ከዛ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። በተለያየ አገር የተሰሩ ጥናቶች ደጋግመው ሚያገኙት ነገር አለ፣ ወላጅና ልጅ ማይነጋገሩበት ቤት፣ ጭቅጭቅ የበዛበት ቤት፣ ወላጁ ራሱ ከስልኩ ማይነሳበት ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ችግር ውስጥ የመግባታቸው ነገር ይብሳል። በርግጥ የቱ ቀድሞ እንደመጣ ሁሌ አይታወቅም፣ ስልክ ላይ የተጣደ ልጅም ራሱ ቤቱን ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ ያደርገዋል።

ደሞ እባካችሁ ልጃችሁን ጎረቤት ፊት "ሱሰኛ" አትበሉት። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ውስጥ ሲያስገባ ስንት ሰአት ተጫወተ ብሎ አይደለም ሚለየው። ማቆም ሲያቅተው፣ ከትምህርቱም ከሌላውም ነገር ጌሙን ሲያስቀድም፣ እየጎዳውም ሲቀጥል፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር ሲቆይ ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን እዛ አልደረሱም።

መከልከል ብቻውን እንደማይበቃ ደቡብ ኮሪያ አይታዋለች። በፈረንጆቹ 2011 ከ16 አመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰአት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ ህግ አወጣች፣ ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ቁጥር ይገቡ ነበር፣ ከአስር አመት በኋላ ህጉ ተነሳ።

አሁን አንድ ከልቤ ማይወጣ ነገር ልንገራችሁ። ክፍሌ ውስጥ እናቶቻቸው ቤሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ ያሉ፣ አያት ጋር ሚያድጉ ልጆች አሉ። እናት ለፍታ ጥሩ ስልክ ትልካለች፣ ሌላ በምን ትድረስለት? አያት ደሞ ማታ ልጁ ሲያፈጥ ታያለች፣ ትቆጣለች፣ ትቀማዋለች። ግን ለዛ ልጅ የእናቱ ፊት ያለው እዛ ስልክ ውስጥ ነው እኮ! እናቱ ከስራ ወጥታ ምትደውለው በሌሊት ነው፣ ሲጠብቃት ቲክቶክ ይከፍታል፣ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ይመጣል፣ ሳትደውል ይነጋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ስልኩን መቀማት እናቱን መቀማት ነው። መጀመሪያ ሚደወልበት ሰአት ይወሰንለት፣ ቀኑን ይወቀው፣ ከዛ በኋላ ስልክ ይቀመጥ ቢባል ይሰማል። ስራዋ ሰአት ማይሰጣት እናት እንዳለች አውቃለሁ፣ ቢያንስ ድምጿን ቀድታ ብትልክለት እንኳን አንድ ነገር ነው።

እኛ ቤት ምን አደረግን? ማታ ሶስት ሰአት ላይ ሁላችንም ስልካችንን ሳሎን ቻርጅ ላይ እናደርጋለን ተባባልን። በሶስተኛው ቀን አባቱ "የስራ ስልክ ነው" ብሎ ይዞት ገባ፣ ልጁም አየና የራሱን ነቅሎ ተከተለው። እንደገና ተነጋግረን እንደገና ጀመርን፣ ሁለት ወር ፈጅቶብናል። እኔ ደሞ ጌሙን አስተምረኝ አልኩት፣ ገና በደቂቃው እሞታለሁ፣ ግን አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ያሳየኛል፣ ስለጓደኞቹ ሚያወራኝም ያኔ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስቆጥር አባቶች አራት ብቻ ናችሁ። ማይኩን መጀመሪያ ለናንተ ልስጥ፣ ቤታችሁ ማታ ሶስት ሰአት ላይ ምን ይመስላል?