በአንድ ወታደር ተበልጦ አቻ መውጣት

(በስክሪኑ ላይ፦ ሁለት ንጉሦችና አንድ ነጭ ወታደር)

በቼዝ ሰሌዳው ላይ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ነጩ ወታደር በመሀል መስመር ስድስተኛው ረድፍ ደርሷል፤ መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ለመሆን ሁለት እርምጃ ይቀረዋል። የራሱ ንጉሥ ከኋላው ቆሟል፤ ጥቁሩ ንጉሥ ከፊቱ ተደቅኗል። ተራው የጥቁር ነው።

በታዳጊዎች ውድድር እዚህ የሚደርስ ጨዋታ ብዙ ነው። ጥቁሩን የያዘው ልጅ ፊት ላይ ሽንፈት ይነበባል። ገና አልተሸነፈም ግን።

ንጉሡ መሄድ የሚችለው ወደ ሦስት ቤቶች ብቻ ነው፤ ሦስቱም በመጨረሻው ረድፍ ላይ ናቸው። ሁለቱ ሽንፈት ናቸው፤ አንዱ አቻ ነው።

(ጥቁሩ ንጉሥ በሰያፍ ያፈገፍጋል)

ስህተቱን እናስቀድም። በሰያፍ ቢሸሽ ነጩ ንጉሥ ወደዚያው ወገን ወጥቶ፣ አንድ ቤት በመካከል ትቶ ይጋፈጠዋል። ጥቁሩ ወደ ወታደሩ ፊት ሲመለስ ወታደሩ ቼክ ሳይሰጥ (ንጉሡን ሳያጠቃ) ይገፋል። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ መንገዱን ከመልቀቅ ሌላ ምርጫ የለውም።

(አቀማመጡ ይመለሳል፤ ንጉሡ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳል)

አሁን ነጩ ንጉሥ ከወታደሩ ጎን ሲወጣ የሚጋፈጠው ጥቁሩ ነው። ወታደሩ ቼክ እየሰጠ ይገፋል፤ ጥቁሩ ከፊቱ ይገተራል። ነጭ ወይ ወታደሩን ጥሎ ይሄዳል፣ ወይ ንጉሡን ከኋላው አቁሞ ይጠብቀዋል። ከጠበቀው ጥቁር ቼክ ሳይባል መሄጃ ያጣል፤ በሕጉ መሠረት ጨዋታው እዚያው በአቻ ያበቃል። ግማሽ ግማሽ ነጥብ!

ነጭ ወዲያ ወዲህ እያለ ጊዜ ሊገዛ ቢሞክርስ? ጥቁሩ ወደ ቦታው እየተመለሰ ይጠብቀዋል። ያው አቀማመጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጣ ሲል አቻ መጠየቅ ይቻላል። ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ አንቀሳቅሰው ከጨረሱ በኋላ ዳኛ ይጠራሉ። በራስ እንቅስቃሴ ለሚመጣ ድግግሞሽ ግን እንቅስቃሴውን በጨዋታው መመዝገቢያ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ምንም ሳይነኩ ለዳኛው መናገር ግድ ነው። ለአምስተኛ ጊዜ ከመጣ ጠያቂ አያስፈልግም፤ ጨዋታው በአቻ ያልቃል።

በአሥረኛው እንቅስቃሴ በአቻ ተስማምተው፣ ተጨባብጠው የሚነሱ ልጆችም ያንኑ ግማሽ ነጥብ ያገኛሉ። እኔ ይህን አልወድም፤ ደግነቱ አንዳንድ ውድድሮች ከተወሰነ እንቅስቃሴ በፊት መስማማትን ይከለክላሉ።

ነጩ ልጅ የት ተሳሳተ? ቀደም ብሎ፣ ወታደሩን ከንጉሡ አስቀድሞ ሲገፋ። ንጉሡ ስድስተኛው ረድፍ ላይ ከወታደሩ ፊት ቢሆን ኖሮ፣ በዳር መስመር እስካልሆነ ድረስ፣ ተራው የማንም ይሁን የማን ያሸንፍ ነበር።