ቀጠሮው ያለፈበትን ታካሚ ማን ይፈልገው?

የተከበራችሁ አባላትና እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሪፖርቱን ለማዘጋጀት ላመሻችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የዓመቱ ሥራ እጃችሁ ላይ ባለው ወረቀት ተዘርዝሯል። ስልጠና ሰጥተናል። የሚያስሉ ታካሚዎች ወረፋ የሚጠብቁበትን ቦታ ከዝግ ኮሪደር ወደ ነፋሻ በረንዳ አዛውረናል። ቲቢ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ በጣም ኮርቻለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪውን 4 ወር ሁለት ዓይነት። ታካሚው ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳል ይቀንስለታል፣ ምግብ ይበላለታል። ዳንኩ ይላል። የቀን ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ለቀጠሮ በመጣ ቁጥር የዕለት ገቢው ይቀርበታል። መድኃኒቱ በነጻ ቢሰጠውም የመንገዱን የሚከፍለው ራሱ ነው። አንድ ቀን ይቀራል፣ ከዚያም ጭራሽ ይጠፋል። ሰውነቱ ውስጥ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። የተላመደውን ለማከም ዓመት ተኩል እና ከዚያም በላይ ይወስድ ነበር። በዚያ ሕክምና ይሰጥ የነበረው መርፌ ጆሮ ያደነቆራቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ካለባቸው ለብዙዎቹ የ6 ወር ሕክምና መክሯል። ትልቅ እፎይታ ነው፤ ግን እሱም ቢሆን ካልተጨረሰ አይሠራም።

ታዲያ የቀረውን ሰው ማን ይፈልገው? ዓመቱን በሙሉ የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ጥቂት ነን፣ ሥራው ከአቅማችን በላይ ነው» ብላችኋል። እውነት ነው። ለስልክና ለትራንስፖርት የያዝነው ገንዘብም ዓመቱ ሳይጋመስ አልቋል። «እሱ ራሱ ነው ያቋረጠው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ካርዱ ላይ «አቋራጭ» ብለን ስንጽፍ ጥፋቱን ለሱ ሰጥተን ፋይሉን ዘጋን ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት የቀረች አንዲት እናት ጋ ደውዬ ነበር። ልጇ ታሞባት ነው የቀረችው። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንቆጣታለን ብላ ፈርታ። «ነይ፣ ማንም አይቆጣሽም» አልኳት። በማግስቱ መጣች። ጥሪው አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ለዚሁ ሥራ ተራ አውጥተን ነበር። ብዙዎቻችን ፈረምን። እስከ መጨረሻው የዘለቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለእነሱ እጅ እነሳለሁ። ፈርማችሁ የጠፋችሁት አብዛኞቻችሁ ዛሬም እዚህ የላችሁም። ንግግሩ በጽሑፍ ይደርሳችኋልና በቀጥታ ልጠይቃችሁ። ምን ሆናችሁ ነው? ከበዳችሁ? ተቀየማችሁ? ንገሩኝ። ታካሚውን እንደምንፈልገው እናንተንም እየደወልኩ እፈልጋችኋለሁ።

አዲሱ የተራ ዝርዝር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ ይዣለሁ። ከሁለተኛው ጀምሮ ባዶ ነው። ከሻይ ዕረፍት በፊት እንሙላው።

ጉባኤው ተከፍቷል።