70-200ውን ቤት ትቼ ባቲ ስወርድ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ዛሬም የማወጋችሁ ከደሴ ነው። ፎቶ ማንሳት የጀመሩ ወጣቶች «የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ እኔ መልሱን ያገኘሁት ከስሬ ነውና እርሱን ልንገራችሁ።

ሁለት ዓመት ሠርግ እያነሳሁ ባጠራቀምሁት ገንዘብ መጀመሪያ የገዛሁት፣ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚስብ (ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲጨምር የራቀውን ያቀርባል)፣ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ዙም ሌንስ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የገዛሁት ሥራው አስገድዶኝ ሳይሆን ሠርግ ቤት ይዤው ስገባ ሰው ባለሙያ እንዲለኝ ነው። በማግሥቱ ሰኞ ስለነበር ይዤው ወደ ባቲ ገበያ ወረድሁ። በዚያ የደጋውና የቆላው ሰው ከግመሉና ከፍየሉ ጋር በሚጋፋበት ገበያ፣ ከፊቴ ያለው ሰው ሁለት ክንድ እንኳ አይርቀኝም፤ ሌንሱ ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ ካልራቅሁለት አያጠራም። ስለዚህ ወደ ዳር ወጥቼ፣ ቅቤ በቅል ይዘው የተቀመጡ አንዲት እናት ላይ ሳነጣጥር አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ጠመንጃ ይመስል ከዚያ ማዶ ታነጣጥርብኛለህ? ቀርበህ ሰላም ብትለኝ ምን አለበት?» አሉኝ።

አፍሬ ቀረብሁ፤ ይቅርታ ጠይቄ አስፈቀድኋቸው። ነገር ግን ያ ውድ ሌንስ ከቅርብ ፊታቸውን እንጂ እጃቸውንና ቅላቸውን አብሮ ሊይዝልኝ ስላልቻለ፣ በመጨረሻ ያነሳኋቸው በስልኬ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሌንስ ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው ከማነሳው ሰው ምን ያህል ርቄ እንደምቆም ነው። ለገበያና ለቤት ውስጥ 35 ሚሊ ሜትር ይበቃኛል። አብዛኛው ጀማሪ የሚይዘው ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍሉ) ትንሽ በመሆኑ ግን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 75 ወይም እንደ 80 ሆኖ ያጠብባል፤ ቡና በተፈላበት ጠባብ ክፍል ጀርባችሁን ከግድግዳ ቢያጣብቃችሁ አትደነቁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ 24 ሚሊ ሜትር ይሻላል።

ብርሃንም የራሱ ጥያቄ አለው። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 የሚሄደው ሌንስ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው 5.6 ላይ ይቆማል (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል)፤ 1.8 የሚከፍተው ርካሹ 50 ደግሞ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ማታ በአምፖል በሚበራ ድንኳን ውስጥ ፍላሽ ሳልጠቀም እንድሠራ ያስቻለኝ እርሱ ነው። ሚዜዎቹን በሁለት ረድፍ አቁማችሁ በ1.8 ብታነሱ ግን የኋለኞቹ ይደበዝዛሉና፣ ወቀሳውን የምትሰሙት እናንተ ናችሁ።

70-200ው ዋጋውን የመለሰልኝ ላሊበላ ላይ፣ በገና ዕለት ነው። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከፊሎቹ ከታች፣ ከፊሎቹ ከአለቱ ጫፍ ማሜ ጋራ ላይ ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ወደ እነርሱ መጠጋት አይቻልም፤ ቢቻልም አይገባም። ከሩቅ ቆሜ፣ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥብኝ የሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ ሳላወርድ፣ ነጫጭ ጥምጣሞቹን ተደራርበው እንደሚታዩ አድርጌ አነሳኋቸው። ከሰዓት በኋላ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ስቆም ግን ሰፊ ሌንስ አስፈለገኝ፤ ካሜራውን ወደ ታች ባዘነበልሁት ቁጥር ቀጥ ያለው ግድግዳ እየዘመመ ስላስቸገረኝ፣ ብዙ ሙከራ ጠይቆኛል።

ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ከሆነ ሳትከፍሉ በፊት የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብርታችሁ ውስጡን እዩ። እኔ ይህን ሳላደርግ በገዛሁት አንድ ሌንስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ሻጋታ አግኝቻለሁ፤ ሻጩም ስልኩን አላነሳልኝም።

የእኒያን እናት ፎቶ አሳትሜ በሦስተኛው ሰኞ ወሰድሁላቸው። አገላብጠው ካዩት በኋላ ትከሻዬን፣ ከዚያም ቦርሳዬን ተመለከቱና «ያ መድፍህስ?» አሉኝ።

«ቤት ቀርቷል፣ እማማ» አልኋቸው።