ብቻውን የተዘጋበት ፈረስ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ከድሬዳዋ ነው የማወራችሁ። ዛሬ የማነሳው ጋማው ተጎንጉኖ፣ ገላው ተወልውሎ ዳኞች ፊት ስለሚቀርበው የትርዒት ፈረስ ነው፤ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ የት ይውላል?

ብዙዎቹ ውድ ፈረሶች የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት ብቻቸውን፣ ጋጣ ውስጥ ነው። ባለቤቶቻቸው ጨካኝ ሆነው አይደለም። መስክ ላይ ቢለቀቅ ይሰበርብኛል፣ ከሌላ ፈረስ ጋር ቢውል ይረገጥብኛል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ፍርዳቸውን ግን አልቀበልም።

ፈረስ በመንጋ ሆኖ፣ እየተራመደ የሚግጥ እንስሳ ነው። ከተለቀቀ ከቀኑ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ ሲግጥ ይውላል። ጨጓራው ለግዙፍ ገላው ትንሽ ነው፤ ምግብ ኖረም አልኖረም አሲድ ያመነጫል። በቀን ሁለት ጊዜ ገብስ ተሰፍሮለት በመካከሉ ባዶ ሆዱን የሚቆም ፈረስ ጨጓራው ቢቆስል ምን ይገርማል? እንቅልፍም አለ። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ጥልቁን እንቅልፍ የሚያገኘው ግን ሲጋደም ነው። ለመጋደም ደግሞ ዘብ የሚቆምለት ባልንጀራ ሲኖር ይደፍራል። ብቻውን የተዘጋበት ፈረስ እንጨት ነክሶ አየር ይስባል፣ በሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። «አመለኛ ነው» ሲሉት ያንገበግበኛል። ያስጨነቁት እነርሱ፣ ስሙ የሚጠፋው የእርሱ!

ሁለት ፈረሶች ፊትና ኋላ ተገጣጥመው ቆመው፣ ጋማው የሚያልቅበትን ቦታ በጥርሳቸው ሲተካከኩ አይታችኋል? በ1993 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የካማርግ ፈረሶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ሰው በእጁ ያንኑ ቦታ ሲያክላቸው የልብ ምታቸው ቀነሰ፤ ሌላ ቦታ ሲያክላቸው አልቀነሰም። እርስ በርስ መተካከክ ልብ ድረስ የሚዘልቅ ነገር ነው ማለት ነው። የስዊዘርላንድ ሕግ ፈረስ ሌላ ፈረስ፣ አህያ ወይም በቅሎ ሳያይ፣ ሳይሰማና ሳያሸት እንዲኖር አይፈቅድም። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣው ቫሌግሮ የተባለው ፈረስም ያደገው መስክ የተከለከለ ሆኖ አይደለም፤ አሠልጣኙ ካርል ሄስተር ፈረሶቹን በየቀኑ መስክ በመልቀቅ የታወቀ ነው።

ጋሪ ይነዳ የነበረው አጎቴ ይህን ሁሉ አላነበበም። የጋሪ ፈረስ ይመቸዋል እያልኩ አይደለም፤ ጀርባው የተላጠ፣ በዚህ ሙቀት ውኃ ጠምቶት የሚቆም ስንት አይቻለሁ። አጎቴ ግን ሥራ ሲያበቃ ሁለቱን ፈረሶቹን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አብሮ ይለቃቸው ነበር። ተንከባልለው ሲነሱ የሚያራግፉት አቧራ ራሱ ደስታ ነበር። ራስ መኮንንን እስከ ዛሬ «አባ ቃኘው» ብለን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሰዎች፣ ለፈረስ ይህን ያህል መንፈግ የለብንም።

በእኛ አገር አንድ ከባድ ነገር አለ። የቀኑ ፀሐይ ፈረሱን በማታ ልቀቁት ያሰኛል፤ የአፍሪካ የፈረስ በሽታን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ነካሽ ነፍሳት ደግሞ የሚበረቱት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ማስከተብ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት መልቀቅ፣ ቀትሩን ከባልንጀራው ጋር ጥላ ሥር ማዋል፣ ድርቆሽና ውኃ አለማጓደል።

ርግጫ ለምትፈሩ ደግሞ፦ አዲሶቹን በአንድ ቀን አትቀላቅሉ። መጀመሪያ በአጥር ተለያይተው ይሸታተቱ። ጆሮ መጣሉ፣ ማናፋቱ ሲበርድ የኋላ እግራቸውን ብረት አውልቃችሁ ሰፊ ቦታ ላይ ልቀቋቸው፤ ጥግ የሌለበት፣ አንዱ ሌላውን የማያስጨንቅበት ይሁን። ድርቆሹን ከፈረሶቹ ቁጥር በሚበልጥ ቦታ በትኑት። ለጥምቀት ጉግስ ፈረስ የምታዘጋጁ ወንድሞቼ፣ እናንተ እንዴት እንደምታለማምዱ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነብበዋለሁ።