እኔም በጃንጥላው እስማማለሁ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላው በእውን የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ግን ይኸው ዘጠኝ ዓመት አብሮን አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ጓደኛሞች ነን። በሳምንት አንድ ማታ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። አጀንዳ የለንም። ጨዋታን ጨዋታ እያነሳው እንመሻለን። ያን ማታ ግን ጨዋታው ከረር ብሎ ነበር። አንዷ ጓደኛችን ሥራዋን ልትለቅ አስባለች። ግማሻችን "ልቀቂ" እንላለን፣ ግማሻችን "ትንሽ ታገሺ" እንላለን። ድምፃችን ከፍ ብሏል። እሷ መሀል ላይ ቁጭ ብላ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ታያለች።

ሶፋው ጥግ ላይ ደግሞ አንዱ ጓደኛችን እንቅልፍ ወስዶታል። ሰሞኑን በደንብ እንዳልተኛ ስለምናውቅ ማንም አልቀሰቀሰውም። ድንገት ቀና አለ። ዓይኑ ገና አልተገለጠም። ፊቱን ኮስተር አደረገ፣ እጁን አነሳ፣ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ "እኔም በጃንጥላው እስማማለሁ" አለ።

ጃንጥላ ያነሳ ሰው የለም። ውጪ ዝናብ የለም።

ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ከጣሪያ በላይ ሳቅን። ሥራ ልትለቅ ያሰበችው ልጅ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ "እሺ" የሚባል ቃል ቀረ። "ነገ ብንገናኝስ?" "እኔም በጃንጥላው እስማማለሁ።" "ፊልሙ ጥሩ ነው አይደል?" "እኔም በጃንጥላው እስማማለሁ።" ከወራት በኋላ አጠረና "በጃንጥላው" ሆነ። ቆየት ብሎ "ጃንጥላ" ብቻ። አሁን ጭራሽ ቃልም የለውም። እጃችንን ከጭንቅላታችን በላይ እናነሳና ጣቶቻችንን ዘርጋ እናደርጋለን። በቃ፣ ሁላችንም ገባን።

ይሄ ማጠር ሁሌ ይገርመኛል። ኸርበርት ክላርክና ዲያና ዊልክስ-ጊብስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሁለት ሰዎች እንዳይተያዩ ተጋርደው ይቀመጣሉ። ሁለቱም ፊት ያው 12 ምስሎች አሉ። ከተቆራረጡ ቅርጾች የተገጣጠሙ፣ ሰው መሰል ነገሮች ናቸው። አንደኛው ምስሎቹን በቃል ይገልጻል፣ ሌላኛው እየሰማ በቅደም ተከተል ይደረድራል። ይህን 6 ጊዜ ይደጋግሙታል። መጀመሪያ ላይ አንዱን ምስል ለማስረዳት በአማካይ 41 ቃል ያስፈልጋቸው ነበር። በስድስተኛው ዙር 8 ቃል በቃቸው። መጀመሪያ "በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው ይመስላል፣ ግን ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል" የተባለው ምስል፣ በኋላ "ተንሸራታቹ" ተብሎ ቀረ።

ሠላሳ ሦስቱ ቃል የት ሄደ? የትም አልሄደም። ሁለቱ ሰዎች ውስጥ ገባ። የኛም ጃንጥላ እንደዚያው ነው። እጄን ሳነሳ ሶፋው አለ፣ ክርክሩ አለ፣ ያ ኮስታራ ፊት አለ፣ የዚያች ልጅ እንባ አለ። ከውጪ ለሚያይ ሰው ግን እጅ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጃንጥላው ዛሬ አያስቅም። ዘጠኝ ዓመት የተደጋገመ ነገር እንዴት ያስቃል? ግን እንስቃለን። የሳቅ ተመራማሪው ሮበርት ፕሮቫይን ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ሰዎች በየቦታው ሲጨዋወቱ እየሰማ 1,200 ሳቆችን መዝግቦ ነበር። ቀልድ የሚመስል ነገር ተከትሎ የመጣው ሳቅ 20 በመቶ እንኳ አልሞላም። ሌላው ሁሉ "በሉ እንገናኛለን" ዓይነት ተራ ወሬን የተከተለ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን ከሚስቀው ይልቅ ከሰው ጋር ሲሆን 30 እጥፍ እንደሚስቅም ጽፏል። ይሄን ሳነብ አልገረመኝም። እጄን ሳነሳ የምለው "ያን ማታ አብረን ነበርን" ነው። ጓደኞቼ የሚስቁት ለዚያ ነው።

ዛሬ ማይክ ፊት ያስቀመጠኝ ግን ጃንጥላው ብቻ አይደለም። ሌላም ቀልድ ነበረን። አሁን የለም።

ከመካከላችን አንዱ ዝንጉ ነው። ስልኩን በእጁ ይዞ ስልኩን ይፈልጋል። የልደት ቀን ይረሳል፣ የራሱንም ጭምር። ስለዚህ በር ከፍቶ ሲገባ ሁላችንም ብድግ ብለን እንሰለፍና ራሳችንን እናስተዋውቀዋለን። እሱም ኮራ ብሎ አንድ በአንድ ይጨብጠናል። "ማን ልበል?" ይላል። ስማችንን እንነግረዋለን። "ደስ ይላል፣ በዚያው ጓደኛ እንሁን" ይላል። እንደ ትንሽ ቴአትር ነበር። ሙድ የሚያዘው በሱ ላይ ነው፣ ከሁላችን በላይ የሚስቀውም እሱ ነው።

አንድ ማታ እንደተለመደው ተሰለፍን። ጨበጠን፣ "ማን ልበል?" አለ፣ ሳቀ። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ግን አጠገቤ ተቀመጠና እጁን አየሁት። ሶፍት አንስቶ ያጥፋል። ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት። ይዘረጋዋል፣ እንደገና ያጥፋል። አፉ ከኛ ጋር ይጫወታል፣ እጁ ሶፍቱን ያጥፋል። በመጨረሻ ሶፍቱ ተበጣጥሶ ጉልበቱ ላይ ረገፈ። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር። ያን ማታ በዓይኔ አየሁት።

ሁለት ሳምንት ጠፋ። ደወልኩለት። ስለዚህ ስለዚያ አወራንና ዝም አለ። ከዚያ አባቱ የመርሳት በሽታ እንደያዛቸው ነገረኝ። ከተጀመረ ወራት አልፎታል። "ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ እጄን ጨበጠኝ" አለኝ። "በጣም በትህትና። ከዚያ ማን ልበል? አለኝ።"

ስልኩን ይዤ የምለው ጠፋኝ።

ራድክሊፍ-ብራውን የተባለው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1940 መቀላለድ እንደ ሕግ ስለሚቆጠርባቸው ግንኙነቶች ጽፎ ነበር። አንዱ ሌላውን መፎገር ይፈቀድለታል፤ የተፎገረው ደግሞ ቅር መሰኘት አይፈቀድለትም። ብዙ ጊዜ የማስበው ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ጓደኛችን "ተዉኝ" ቢል ጨዋታውን ያፈረሰው እሱ ሊሆን ነው። እኛ ደግሞ ፈቃዱን ከዓመታት በፊት አንዴ ሰጥቶናል፣ በቃ የኛ ነው ብለን ይዘነዋል። ፈቃድ ግን እንደዚያ አይደለም። ሰውዬው ዛሬም ሊከለክለን መብት አለው። አፉ ባይል እንኳ እጁ ሊል ይችላል። እኔ እጁን ለማየት ሦስት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፣ ያየሁት አንድ ማታ ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንድነግርለት ጠየቀኝና ለሌሎቹ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። በሩ ተከፈተ። ማንም አልተነሳም። አንዱ ጠጋ አለና "ና፣ እዚህ ጋ" አለው። ያኔ የመጣችውን ዝምታ አልረሳትም። ልክ የቀልዱን ያህል ርዝመት ነበራት። በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አየን። ገብቶታል። መጥቶ ተቀመጠ። ጨዋታው ቀጠለ። ልንለያይ ስንል አንዷ "ሳምንት እኔ ቤት ይሁን?" አለች። መጀመሪያ እጁን ከጭንቅላቱ በላይ ያነሳው እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አዲስ ሰው መጣች። የአንዳችን የሥራ ባልደረባ ናት። የሆነ ነገር ተባለና ስድስታችንም እጃችንን አነሳን፣ ሳቅን። እሷም ሳቀች። ግን ግማሽ ሰከንድ ዘግይታ ነው የሳቀችው። ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ። ሳይገባኝ፣ እንዳልነጠል ብዬ ስቄያት አውቃለሁ።

ዝንጉው ጓደኛችን ቀድሞ አያት። "ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ" አለና ጀመረ። ቀልድ ሲብራራ ይሞታል ይባላል። ይሄኛው አልሞተም። እሱ ሲናገር ሌላው ያርመዋል። አንዱ ዝናብ ነበር ብሎ ድርቅ አለ። ሌላዋ ሶፋ አይደለም ምንጣፍ ላይ ነው የተኛው ትላለች። የተኛው ራሱ ደግሞ አልተኛሁም፣ ዓይኔን ከድኜ እያሰብኩ ነበር ይላል። ሥራ ልትለቅ የነበረችው ልጅ ያን ማታ ምን ያህል ጨንቋት እንደነበር ነገረችን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዴም ነግራን አታውቅም። አንዲት የእጅ ምልክት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ወሬ ሆነች።

አዲሷ ልጅ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማች። ከዚያ ወደ ተኛው ልጅ ዞራ "ጃንጥላው ግን ቀለሙ ምን ነበር?" አለችው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይሄን የጠየቀ የለም። ሁላችንም ወደሱ ዞርን። ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱን ኮስተር አደረገ።

"ሰማያዊ" አለ።

ሰባት እጅ ተነሳ።